የወንድሜ የሱሺ ቢላ እና የኔ ግራ እጅ

ወንድሜ ጃፓን ሁለት አመት ተምሮ ሲመለስ ሻንጣው ውስጥ ከመጣው ነገር ሁሉ እማዬን ያስደነገጣት አንድ ረጅም ካርቶን ነው። ከፈተችው፣ ከክርኗ እስከ አንጓዋ የሚደርስ ቀጭን ቢላ። "አንተ ልጅ ምን ልታርድበት ነው?" አለችው። "ኧረ እማዬ የሱሺ ነው።" "ሱሺ ደሞ ምንድነው?" "ሩዝ ነው፣ በባህር ቅጠል ይጠቀለላል፣ ከዛ ይቆረጣል።" ትንሽ ዝም አለችና "እና ሩዝ ለመቁረጥ ነው ይሄ ሁሉ ስለት?" አለች። ሳቅንባት። አሁን ሳስበው ግን ከዛ ወዲህ ዩቱብ ላይ ካየሁት ምክር ሁሉ የሷ ጥያቄ ይበልጣል፣ እኔ ያንን ጥያቄ ለመመለስ አመት ከምናምን ፈጀብኝ፣ ብርም አባከንኩ፣ ለወንድሜ ያልተናዘዝኩት አንድ ጥፋትም አለብኝ።

ልጁ አዲሳባ ስራ አግኝቶ ሲሄድ እቃውን በሙሉ እኔ ጋ ትቶት ሄደ። እኔ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ማብሰል ደሞ ከስራ ስገባ ጭንቅላቴን የማሳርፍበት ነገር ነው፣ እና አንድ አርብ ለባልደረቦቼ በምሳ እቃ የካሮትና የአቮካዶ ሱሺ ይዤ ሄድኩላቸው (አሳም እንቁላልም የለውም፣ ንጹህ የጾም ነው)፣ ከዛን ቀን ጀምሮ "እቃውን ከየት ገዛሽው፣ ምን ምን ልግዛ፣ ቢላውስ የቱ ነው" የሚለኝ ሰው በዛብኝ። ለያንዳንዱ ቮይስ ከምልክ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው።

ከረጅሙ ቢላ ልጀምር። ስሙ ያናጊባ ይባላል፣ በነሱ ቋንቋ የአኻያ ስለት እንደማለት ነው፣ ቅርጹም እውነትም የአኻያ ቅጠል ይመስላል። የኛው 27 ሳንቲሜትር ነው። ርዝመቱ ለጉራ አይደለም፣ ጥሬ አሳን ወደፊት ወደኋላ ሳይገዘግዙ አንዴ ብቻ ሳብ አድርገው እንዲቆርጡበት ነው፣ ስትገዘግዙት የአሳው ስጋ ይቦጫጨቃል። ስለቱ ያለው ባንድ ጎን ብቻ ነው። ቀኝ ጎኑ ተዳፋት ሆኖ ወደ አፉ ይወርዳል፣ ግራ ጎኑ ሜዳ ነው፣ ሜዳም ብቻ አይደለም መሀሉ በጣት ስትዳስሱት ትንሽ ጎድጎድ ያለ ነው፣ የተቆረጠው አሳ ቢላው ላይ ልጥፍ እንዳይል። በጣም የሚያምር ስራ ነው አልዋሽም። ችግሩ የተሰራው ለቀኝ እጅ ነው፣ እኔ ደሞ ግራኝ ነኝ።

ግራኞች ታውቁታላችሁ፣ መቀሱ አይሆንም፣ የዩኒቨርስቲው ባለ ክንድ ወንበር አይሆንም፣ ማዕድ ላይ በግራሽ ስትቆርሺ የሚገላምጥሽ አንድ አጎት አይጠፋም። እንደዛም ሆኖ ቢላ ቀኝና ግራ አለው ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ጥቅሉን መክተፊያው ላይ አስቀምጬ በግራዬ ስቆርጠው ቢላው ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ቁራጩ ከላይ ሁለት ጣት ከታች ግማሽ ጣት ይሆናል፣ ሳህን ላይ ሳቆመው ይወድቃል። ወር ሙሉ የኔ እጅ መስሎኝ ስታገል ቆየሁ። ወንድሜን ቴሌግራም ላይ ስጠይቀው "በቀኝሽ ሞክሪው" አለኝ፣ ሰላሳ አመት ሲነገረኝ የኖረውን ነገር ማለት ነው። በኋላ ሳነብ ነው ባንድ ጎን የተሳለ ቢላ በተፈጥሮው ወደ ሜዳው ጎን እየገፋ እንደሚሄድ፣ ቀኝ እጅ ያንን ግፊት ሳያውቀው እንደሚያርመው፣ ግራ እጅ ላይ ግን እንደሚብስ የገባኝ። የግራኝ ያናጊባ አለ፣ ግን ብዙ ጊዜ በትዕዛዝ ነው የሚሰራው፣ ዋጋውም ጨመር ይላል። ስለዚህ ውጭ ያለ ዘመድ "ቢላ ላምጣልሽ ወይ" ካላችሁ መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ ይሄ ነው፣ ስለቱ ባንድ ጎን ነው ወይስ በሁለቱም?

ደሞስ ቀኝ እጅ ቢኖረኝ ምን ልቆርጥበት ነበር? ጎንደር ላይ የሚበላ ጥሬ አሳ የት አለና። እዚህ ላይ ኮስተር ልበል ምክንያቱም ሁለት ሰው "ከጎርጎራ ትኩስ አሳ አስመጥቼ ልሞክረው ነው" ብለውኛል። እንዳትሞክሩት። እኛ ጋ የሚመጣው የጣና አሳ ነው፣ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ቢልጫ፣ የሐይቅና የወንዝ አሳ ደሞ ወደ ሰው የሚተላለፍ ጥገኛ ትል ሊኖረው ስለሚችል ለጥሬ አይሆንም፣ ትኩስ መሆኑ ትሉን የበለጠ ደህና ያረገው ይሆናል እንጂ አይገለውም። ለሱሺ የሚሆነው የባህር አሳ እንኳ አሜሪካኖቹ ባወጡት መመሪያ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ 7 ቀን ወይም ከዜሮ በታች 35 ላይ ድርቅ ካለ በኋላ 15 ሰአት መቆየት አለበት። የናንተ ፍሪጅ ስንት ዲግሪ ላይ እንዳለ ታውቃላችሁ? የኔን ለክቼዋለሁ፣ ከዜሮ በታች 20 አልደረሰም። ቢደርስስ ጎንደር ላይ ከሰኞ እስከ ሰኞ መብራት ሳይጠፋ? ተዉኝ እስቲ። "እኛ እኮ ቁርጥ የምንበላ ህዝብ ነን ምን ያስፈራናል" የሚለኝ ሰው ደሞ አለ፣ እሱን ምን እለዋለሁ፣ እኔ ማይክሮስኮፕ ላይ ነው የምውለው፣ ኮሶ ማን ጋ እንዳለ አውቃለሁ፣ አልናገርም እንጂ።

ስለዚህ የኔ ሱሺ የበሰለ ነው። የቆሮሶ ፊሌቶ በእንፋሎት ወይ ጠበስ አድርጌ (እሾሁን በወረንጦ እየለቀምኩ፣ የቅንድብ ወረንጦ አይደለም ሌላ ግዙ)፣ የቆርቆሮ ቱና፣ እንቁላል፣ በጾም አቮካዶ፣ ካሮት፣ ኪያር፣ ቀይስር። በነገራችን ላይ ጃፓንም ቢሆን ሱሺ ማለት ጥሬ አሳ ማለት አይደለም፣ ሱሺ የሚያሰኘው ኮምጣጣው ሩዝ ነው። ይሄ ሲገባኝ የወንድሜ ቢላ ኪችናችን ውስጥ ስራ ፈት መሆኑም አብሮ ገባኝ።

እና የቤት ሰው ምን ቢላ ይግዛ? አንድ። አንድ ጥሩ ቢላ፣ በሁለቱም ጎን እኩል የተሳለ፣ አፉ ከ17 እስከ 21 ሳንቲሜትር። ጃፓኖቹ ሳንቶኩ የሚሉት ለቤት የሚሆን አለ፣ አጠር ያለ ወርዱ ሰፋ ያለ፣ ሽንኩርቱንም ስጋውንም አሳውንም የሚችል፣ ጊዩቶ የሚሉት ደሞ ረዘም ብሎ ጫፉ የሾለ የኛ ሆቴል ሼፎች የሚይዙት አይነት ነው። ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ሱሺ ይቆርጣል፣ ሽንኩርትም ይከትፋል፣ እና እውነቱን እንነጋገር ከተባለ እኛ ቤት ባመት ስድስት ጊዜ ሱሺ ይሰራ ይሆናል፣ ሽንኩርት ግን በየቀኑ ነው። ቢላ የምትገዙት ለሽንኩርቱ ነው። ለዶሮ ወጥ አንድ ድስት ሽንኩርት የከተፈ ሰው የስል ቢላና የዱልዱም ቢላን ልዩነት ማንም አያስረዳውም፣ ዱልዱሙ ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል፣ ጭማቂው ይረጫል፣ አይናችሁን ያነደዋል፣ ስሉ ዝም ብሎ ያልፋል። እማዬ መክተፊያ አትጠቀምም፣ መዳፏ ላይ ይዛ ነው ቸክ ቸክ የምታረገው፣ ለሷ ሰፊ ቢላ አይሆናትም፣ የራሷ ትንሽዬ አላት፣ አትንኩብኝ ባይ ነች።

ሱቅ ስትገቡ መጀመሪያ የሚያሳይዋችሁ ባለ ስድስት ቢላ ፓኬት ነው፣ ቀይ ቢጫ አረንጓዴ የተቀባ። እሱን ገዝቻለሁ፣ ቀለሙ ተላጠ ከአመት በፊት አለቀለት። ቀጥሎ ደሞ ላዩ ላይ እንደ ውሃ ሞገድ ያለ መስመር ያለበት "ዳማስከስ" የሚሉት መጣ፣ አሪፍ ሳጥን፣ የጃፓን ፊደል፣ የወር የቤት ኪራይ የሚያህል ዋጋ። እውነተኛው ዳማስከስ ብረት በብረት ላይ ተደራርቦ ተቀጥቅጦ የሚወጣ መስመር ነው፣ የኔ ግን የታተመ ስዕል ነበር፣ ድንጋይ ላይ ስስለው ሞገዱ ከስለቱ አካባቢ እየጠፋ ሄደ። ለባለሱቁ ወስጄ ሳሳየው "አንቺ እኮ ነሽ የፋቅሽው" አለኝ፣ ልክ ነው እኔ ነኝ።

የሚታየው ሌላ ነው። ቢላውን ያዙት፣ ከእጀታው በታች ጣታችሁ መክተፊያውን ይነካል ወይስ ክፍተት አለው? ከነካ በየቀኑ የጣታችሁን አንጓ ስትቀጠቅጡ ትኖራላችሁ። ብረቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል ወይስ እንደ ምስማር ትንሽ ገብቶ ቆሟል? ከአፉ በኩል ወደ አይናችሁ ቀጥ አርጋችሁ እዩት፣ የተጣመመ አይጠፋም። ከስለቱ ከፍ ብሎ ያለው ቦታስ ምን ያህል ይወፍራል? ወፍራም ከሆነ ካሮት ሲቆርጥ ጧ ያደርገዋል፣ መቁረጥ ሳይሆን መፍለጥ ነው። እነዚህ አራቱን በእጅ ይዞ ማየት ይቻላል ማንም ሻጭ አይከለክላችሁም።

ስለ ብረቱ ጥንካሬ ትንሽ ብቻ። ሮክዌል የሚባል መለኪያ አለ፣ የአውሮፓ ቢላ ብዙ ጊዜ 56 አካባቢ ነው፣ የጃፓኑ 60 እና ከዛ በላይ ይሄዳል። ቁጥሩ ከፍ ሲል ስለቱ ቶሎ አይደነዝም፣ ቀጭን አርገህ በ15 ዲግሪ ትስለዋለህ (አውሮፓው ወደ 20 ነው)፣ ግን እንደ ብርጭቆ ይሆናል፣ ይሸረፋል እንጂ አይታጠፍም። ዝቅ ያለው ይደነዝዛል ግን ይችላል። ሁለተኛው ነገር ዝገት ነው። ሺሮጋሚ፣ አኦጋሚ የሚሏቸው የብረት አይነቶች አሉ፣ ነጭ ወረቀት ሰማያዊ ወረቀት ማለት ነው፣ ስማቸውን ያገኙት ፋብሪካው ከሚጠቀልልበት ወረቀት ቀለም ነው፣ በጣም ይሳላሉ ግን ይዝጋሉ። የወንድሜ ሺሮጋሚ ነው። ሎሚ ቆርጬበት አንድ ስልክ አንስቼ ስመለስ ጠቁሮ ጠበቀኝ፣ አሳድሬው ቢሆን ምን ሊሆን ነበር። ውሃ ሲመጣ በሌሊት ተነስቶ ጀሪካን የሚሞላ ቤት ውስጥ እቃ ወዲያው ታጥቦ ወዲያው የሚደርቅ ይመስላችኋል? ለኛ የማይዝገው ይሻላል። ከውጭ የሚያመጣላችሁ ሰው ካለ እኔ የምለው የስዊዞቹን ቪክቶሪኖክስ ነው፣ ጥቁር የፕላስቲክ እጀታ ያለው 20 ሳንቲሜትሩን፣ አያምርም፣ ስጋ ቤት የሚሰራበት ነው፣ ግራኝ ቀኝ አይልም፣ በ15 ደቂቃ ድንጋይ ላይ ይመለሳል። ሻንጣ ውስጥ ይክተተው በእጅ ይዞ አውሮፕላን እንዳይገባ።

የሚያመጣ ከሌለ ደሞ ቅዳሜ ገበያ ሂዱ። እኔ የሄድኩት ተስፋ ቆርጬ ነው። አንድ ሽማግሌ ቀጥቃጭ አሉ፣ ወናፉን የልጅ ልጃቸው ነው የሚነፋው። ከካርቶን ቅርጽ ቆርጬ ይዤ ሄድኩ፣ 19 ሳንቲሜትር፣ ጫፉ ሾል ያለ። "አባባ ይሄን የመሰለ ቢላ ይሰሩልኛል፣ ቀጭን፣ ሁለቱም ጎኑ እኩል የሆነ?" ካርቶኑን ገለባብጠው አዩት። "ለምንሽ ነው ልጄ?" "ለሽንኩርት፣ ለስጋ፣ ደሞ... ለሩዝ።" "ለምን?" "ለሩዝ አባባ፣ ይጠቀለልና ይቆረጣል።" ልጁን አዩት፣ ልጁ እኔን አየኝ። "ቀጭን ካረግሁትማ አጥንት ትመቺበትና ይሸረፋል፣ ከዛ የሰውየው ስራ ልፍስፍስ ነው ብለሽ በከተማው ታስወሪብኛለሽ።" አጥንት እንደማልመታበት በማርያም ምዬ ነው የተስማሙት።

ብረቱ የመኪና ባሌስትራ ነው። ይሄን ንቃችሁ እንዳታልፉት፣ ባሌስትራ ክብደት ተሸክሞ እየታጠፈ እየተመለሰ እንዲኖር የተሰራ ብረት ስለሆነ በደንብ ከተሰራ ጥሩ ቢላ ይወጣዋል፣ ውጭ አገርም አንጥረኞች የሚወዱት ነው። ከሰሉ ውስጥ ብርቱካን እስኪመስል አጋሉት፣ በጉጠት አውጥተው መስፉ ላይ አስቀምጠው ሁለት ሶስት ሲመቱት ቀለሙ ወደ ቀይ ይወርዳል፣ መልሰው ያስገቡታል፣ እንደዛ ስንት ጊዜ እንደተመላለሱ አልቆጠርኩም። መጨረሻ ላይ የተቃጠለ ሞተር ዘይት ባለበት ጣሳ ውስጥ አፉን ብቻ ነከሩት፣ ጀርባውን አይደለም፣ ጭሱ ግቢውን ሞላው። "ለምን ጀርባው አይነከርም አባባ?" "አፉ ይጠንክር፣ ጀርባው ይቻል" አሉኝ። ከላይ በአንድ አንቀጽ የጻፍኩትን የሮክዌል ነገር በአራት ቃል ጨረሱት። የጃፓን ጎራዴ ሰሪዎችም ጀርባውን ጭቃ ቀብተው የሚያደርጉት ለዚሁ ነው፣ አፉ ጠንካራ ጀርባው የሚችል እንዲሆን።

እዚህ ላይ አንድ የሚያናድደኝን ልበል። ሳካይ የምትባል ኦሳካ ጎን ያለች የጃፓን ከተማ አለች፣ ለዘመናት ቢላ በመስራት የታወቀች፣ እዛ የአንጥረኛው ስም ብረቱ ላይ ይቀረጻል፣ ሰው በስሙ ይከፍላል። እኛ ጋ ማረሻውንም ማጭዱንም ቢላውንም የሰራልንን ሰው ምን ብለን እንደጠራነው ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ ቀጥቃጭ ብሎ ስድብ፣ ቡዳ ብሎ ስም። አፄ ምኒልክ ባለሙያ የሚሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት የደረሱት ወደው አይደለም። እዚሁ ከከተማችን ወጣ ብላ ያለችው ወለቃ በሸክላና በብረት ስራ የታወቁ ቤተ እስራኤሎች መንደር ነበረች፣ አብዛኞቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ከሄዱት ጋ ወደ እስራኤል ሄዱ፣ እጃቸውን ይዘው ነው የሄዱት። አሁን ባለ ስድስት ቢላ ፓኬት ከውጭ እናስመጣለን።

ቢላዬ ከፓኬቱ ባነሰ ዋጋ ነው ያለቀው። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ወፍራም ነው፣ ይዝጋልም፣ ከተጠቀምኩ በኋላ ጠርጌ ዘይት ነካ አደርገዋለሁ፣ ግን በግራዬ ቀጥ ብሎ ይወርዳል።

ሌላውን እቃ ቶሎ ቶሎ ልለፈው ምክንያቱም አብዛኛው ቤታችሁ አለ። መጠቅለያው ማኪሱ ይባላል፣ ቀጫጭን ቀርከሃ በክር የተሰፋ፣ ርካሽ ነገር ነው፣ ይሄን አንዱን ግዙ። ከሰሌን ቆርጬ ለማስመሰል ሞክሬ ሩዙ ላይ የሰሌን ጥለት ታተመበት፣ እማዬ ወደደችው እኔ አልወደድኩትም። ማኪሱ ከሌለ ንጹህ የእቃ ፎጣ ላይ የምግብ ፕላስቲክ ዘርግታችሁ ብትጠቀልሉም ይሄዳል። ስታጥቡት በደንብ አድርቁት ክረምት ላይ ይሻግታል። ሱሺ ባዙካ የሚባል የፕላስቲክ ቱቦ አለ፣ ሩዙን ሞልተህ እንደ መርፌ የምትገፋው፣ አዝዤ ብር አቃጠልኩበት፣ ስሙን ስልክ ላይ ስናገር ራሱ ባጃጅ ውስጥ የነበሩት ሰዎች ዞረው አዩኝ፣ በዚህ ጊዜ "ባዙካው ደረሰልኝ" ይባላል እንዴ።

ሩዙን ለማቀዝቀዝ ሃንጊሪ የሚሉት ሰፊ የእንጨት እቃ አላቸው በመዳብ ቀለበት የታሰረ፣ ዋጋውን አይታችሁ ኢንተርኔቱን ትዘጋላችሁ። ገበቴ ነው! በቃ ገበቴ ነው። እንጨቱ ትርፉን እርጥበት ስለሚጠጣ ሩዙ አይላቁጥም፣ ለሩዝ ብቻ አንድ ለዩለት እንጂ ሊጥ የተቦካበት ከሆነ ሱሺው ቡሆ ቡሆ ይላል። መጀመሪያ በውሃ አርጥቡት። ሩዙን በማራገቢያ የሚያራግቡት ነገር ደሞ ሰፌድ ነው፣ እማዬ ከኔ በላይ ታውቅበታለች። ማማሰያው ጠፍጣፋ የእንጨት ይሁን፣ ሩዙን አይመታም በጎን እየቆረጠ ይገለብጠዋል።

ሩዙ የፎገራ ነው፣ ከወረታ የሚመጣው አጠር ያለው ነጩ፣ ከባስማቲ በጣም ይሻላል፣ ባስማቲ ተበታትኖ አይያዝም። ወረታ ያለውን የሩዝ ምርምርና ስልጠና ማዕከል ጃፓኖች እንደሚያግዙት ሳውቅ ገረመኝ፣ ሱሺው ዞሮ ዞሮ ቤቱ ገባ። ከአምስት ጊዜ በላይ ይታጠባል ይላሉ፣ በኛ ውሃ ሶስቴ ይበቃል፣ እጣቢውን ለአበባ። ግማሽ ሰአት ነክራችሁ አቆዩት። ጎንደር ከባህር ጠለል ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፣ ስለዚህ የጃፓኖቹን ሰአት ተከትላችሁ ካወረዳችሁት ሩዙ መሀሉ ጥሬ ነው፣ ውሃም ደቂቃም ጨምሩ ወይም በፕሬዠር ኩከር ስሩት። ለ400 ግራም ሩዝ 4 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ፣ 2 ስኳር፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ሟሙቶ ትኩስ ሩዝ ላይ። የኛ ነጭ አቼቶ ከሩዝ ኮምጣጤ ስለሚከር ትንሽ ውሃ ጠብ አርጉበት። ዋሳቢ የሚሉት አረንጓዴው ነገር ደሞ ውጭም አብዛኛው በቱቦ የሚሸጠው እውነተኛው ዋሳቢ አይደለም፣ አፍንጫ የሚመታው ነገር ሰናፍጭ ውስጥ ያለው ያው ነው። የሰናፍጭ አገር ሆነን ቱቦ አንገዛም።

መክተፊያ የዋንዛ አለኝ። የመስታወትና የእብነበረድ መክተፊያ ያላችሁ ሰዎች ቢላዬ ቶሎ ደነዘ ብላችሁ እንዳትደውሉልኝ።

አቆራረጡ ላይ አንድ ነገር ብቻ፣ ሁሌ የምጠየቀው ስለሆነ። ጥቅሉ የሚጨፈለቀው ብዙ ጊዜ ቢላው ስለማይቆርጥ ሳይሆን ስለሚጣበቅ ነው። ውሃ ውስጥ ትንሽ አቼቶ ጨምራችሁ ፎጣ ነክራችሁ ቢላውን ጥረጉት፣ ቁረጡ፣ ጥረጉት፣ ቁረጡ፣ በያንዳንዱ። ወደታች አትጫኑ፣ እየሳባችሁ ይውረድ። መጀመሪያ መሀል ለመሀል፣ ሁለቱን ግማሽ ጎን ለጎን አስተኝታችሁ ሶስት ቦታ፣ ስምንት ቁራጭ ሆነ። ኖሪው (ቅጠሉ) ክረምት ላይ ከለሰለሰ ደሞ ምንም ስለት አይቆርጠውም እንደ ማስቲካ ይሳባል፣ እሳት ላይ ለሁለት ሰከንድ አሳልፉትና ይመለሳል።

ከቢላው እኩል ገንዘብ የሚገባው ድንጋዩ ነው። ባለ 1000 ቁጥር መሳያ ድንጋይ፣ ቢገኝ በሌላ ጎኑ 6000 ያለው። ስጋ ቤት የምታዩት ሞረድ ስለቱን የሚያቃናው እንጂ አዲስ ስለት የሚያወጣ አይደለም፣ ለለስላሳ ብረት ጥሩ ነው፣ ለጃፓን ብረት ግን ይሸርፈዋል። ድንጋዩን ውሃ ውስጥ አስር ደቂቃ፣ አረፋ ማውጣት እስኪያቆም። ቢላውን አስተኙትና ጀርባውን የትንሿ ጣታችሁን ውፍረት ያህል ከፍ አርጉት፣ እሱን ከፍታ ጠብቃችሁ መግፋት መሳብ። የሚወጣውን ጭቃ አትጠቡት የሚስለው እሱም ነው። ከታች በኩል በአውራ ጣት (ከጀርባ ወደ አፍ፣ ተገላቢጦሽ አይደለም!) ስትዳስሱት ሸከር የሚል ነገር ጫፍ እስከ ጫፍ ሲመጣ ያ ጎን አልቋል፣ ገልብጡት። እኔ የመጀመሪያ ቀን አንድ ሰአት ተኩል ፈጅቶብኝ ከበፊቱ የባሰ ዱልዱም አወጣሁ። በአራተኛው ሙከራ ቢላው ቲማቲም ውስጥ በራሱ ክብደት ገባ። ድንጋይ የሚገዛበት ከሌላችሁ የስኒ ቂጥ ላይ ያለው ያልተቀባው ክብ ቦታ ለጊዜው ይሰራል፣ እናቶቻችን ያውቁታል።

እና አሁን ወንድሜ፣ ይሄን እያነበብክ ከሆነ ተቀመጥ። የገና ዋዜማ ነው፣ ዶሮው እየተገነጠለ፣ አስራ ሁለቱ ብልት በስርአቱ ይውጣ ተብሎ፣ የቤቱ ቢላ ደንዝዞ አክስታችን እየተነጫነጨች። እኔ ሽንኩርት ላይ ነኝ ጀርባዬን ሰጥቻታለሁ። ያንተን ያናጊባ ከመደርደሪያው አወረደችው። "እሰይ ይሄማ ስለት ነው" ስትል ሰማሁ፣ ዞር ስል ቅልጥሙን ከታፋው ልትለይ መገጣጠሚያው ላይ ጠምዘዝ አረገችው፣ ቀጭ አለ። ብርጭቆ እንደሚሰበር ነው። ጫፉ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህለው ዶሮው ውስጥ ቀረ፣ ግማሽ ሰአት ስንፈልገው ነበር ሰው እንዳይውጠው። አክስቴ ቢላውን እያየች "ይሄ ነው የጃፓን የምትሉት?" አለች።

ቅዳሜ ለሽማግሌው ይዤላቸው ሄድኩ። ጨርቁን ፈትተው ብዙ ሰአት ዝም ብለው አዩት፣ አፉን በአውራ ጣታቸው ጠረግ አረጉት፣ ተዳፋቱን በጥፍራቸው ተከተሉት፣ ፊደሉን ምን ይላል አሉኝ፣ የሰሪው ስም ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዛ ገለበጡት፣ ሜዳውን ጎን አዩና "ጎበዝ ነው፣ ግን ግማሹን ነው የሳለው፣ ግማሹን ለኔ ትቶታል" ብለው ሳቁ። ጫፉን እንደገና ላወጣለት እችላለሁ፣ ሁለት ጣት ያጥራል እንጂ፣ ካልሽም ለግራሽ እንዲሆን ይሄኛውን ጎን እከፍተዋለሁ አሉኝ። ጫፉን ብቻ ይስሩልኝ ብዬ ትቼላቸው መጣሁ። ለጥምቀት ስትመጣ ቢላህ ደህና ነው፣ አጠር ብሏል።